ከከተማ ወጣ ብለን በድንኳን ማረፊያ ስናድር የኤሌክትሪክ መኪናችንን እንዴት ቻርጅ እናድርግ?

የጀሞ ነዋሪ፣ ጥቅምት 6

ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ያደራችሁ ሁሉ ልምዳችሁን እንድታካፍሉኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ከጥቅምት 22 ጀምሮ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ሦስት ሌሊት ለማደር፣ ከሱሉልታ አለፍ ብሎ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የድንኳን ማረፊያ ቦታ ይዣለሁ። ግቢው ሰፊ ሣር ያለው ሲሆን ድንኳን ለሚተክሉም፣ አልጋና ማብሰያ በተገጠመላቸው መኪኖች አገር ለአገር ለሚዞሩ መንገደኞችም ቦታ ያከራያል። ጥቅምት 24 ቀን እናቴን ለተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ አድርሼ በዚያው ዕለት ወደ ማረፊያው መመለስ አለብኝ፤ ይህም ደርሶ መልሱ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

መኪናዬ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ የገዛሁት ሲሆን፣ ቤቴ የግድግዳ ቻርጀር ስላለኝ እስካሁን ከሌላ ሰው ሶኬት ተጠቅሜ አላውቅም። ለጉዞው ያዘጋጀሁት ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አምፔሩን በአዝራር 8፣ 10፣ 13 ወይም 16 ላይ ማድረግ ያስችላል። መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች ስላሉት እኛ አገር በተለመደው ባለ ክብ ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ በዚህ ምክንያት ሻጩ አንድ ትንሽ አስማሚ ጨምሮ ሰጥቶኛል።

ወደ ማረፊያው ስደውል ስልኩን ያነሳው ሰው፣ «ችግር የለም፣ ከየድንኳኑ አጠገብ አምፖልና ስልክ የሚሰካበት ሶኬት አለ፤ ካልሆነም ከማዕድ ቤቱ ጀርባ የምጣድ ሶኬት አለን፤ ገመድ ብቻ ይዘው ይምጡ» ብሎኛል። ከማዕድ ቤቱ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን ርቀት ስጠይቀው «ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው» አለኝ።

እንግዲህ ግራ የገባኝ ከሁለቱ ሶኬቶች የትኛውን ልጠቀም፣ ምን ዓይነት ገመድ ልግዛ፣ በስንት አምፔርስ ባደርገው የሰዎቹን መስመር አልጎዳም የሚለው ነው። ስለ ክፍያም ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። ሰውየው ገንዘብ አላነሳም፤ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሰው መብራት ተጠቅሜ በአመሰግናለሁ ብቻ መሄድ ይከብደኛል።

የመስመር ሠራተኛ፣ ጥቅምት 6

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ለሃያ ዓመት ያህል የቤትና የሆቴል መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከጠየቁት ውስጥ ሽቦና ሶኬት የሚመለከተውን እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ከድንኳኑ አጠገብ ያለውን ሶኬት ይርሱት። ለአምፖልና ለስልክ ተብሎ የተዘረጋ መስመር ብዙውን ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ የተሠራ ነው፤ ከዚያም አልፎ አንዱ ድንኳን ከሌላው እየተቀጠለ ስለሚሄድ በየመገጣጠሚያው የላላ ቦታ አይጠፋውም። የምጣዱ ሶኬት የተሻለ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ በደንብ በተሠራ ማዕድ ቤት ውስጥ የምጣዱ መስመር ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኖረዋል። የእርስዎ ቻርጀር በ16 አምፔር ሲሠራ በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ስለዚህ መኪናዎ ለዚያ መስመር አንድ ምጣድ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በምጣድና በመኪና መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። ምጣድ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይሠራና ይጠፋል፤ ያውም እየበራና እየጠፋ ነው የሚሠራው። መኪናው ግን ያለ ዕረፍት ስምንትና አሥር ሰዓት ይስባል። ለአንድ ሰዓት ምንም ያልሆነ የላላ ብሎን በአምስተኛው ሰዓት ፕላስቲኩን ማቅለጥ ይጀምራል። በሙያዬ ተጠርቼ ካየኋቸው የተቃጠሉ ሶኬቶች ውስጥ አብዛኞቹ የሄዱት ከአቅም በላይ ስለተጫኑ አልነበረም፤ አንዲት በደንብ ያልጠበቀች ብሎን ለረጅም ሰዓት ስለሞቀች ነው።

ለዚህ መፍትሔው በእጅዎ ያለው አዝራር ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በካሬ ነው የሚጨምረው። ከ16 ወደ 8 አምፔር ሲያወርዱት ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በማያውቁት ሶኬት ላይ ሁልጊዜ በ8 ይጀምሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውንና የሶኬቱን ፊት በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅዎን አስነስቶ የሚያስወስድ ከሆነ ግን ወዲያውኑ ያቋርጡና ሌላ ሶኬት ይፈልጉ።

የሰጡዎትን አስማሚ በፍጹም አይጠቀሙበት። እንዲህ ያሉት ትናንሽ አስማሚዎች ውስጣቸው ቀጭን የነሐስ ልሳን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም የመሬት መስመሩን፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ አያስተላልፉም። ከዚያ ይልቅ ባለሙያ ጋር ሄደው በመካከል አንድ ጠንካራ የማራዘሚያ ገመድ ያሠሩ፤ በአንደኛው ጫፍ የቻርጀሩን ጠፍጣፋ እግሮች በቀጥታ የሚቀበል ሶኬት፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የመሬት ንክኪ ያለው ባለ ሁለት ክብ እግር 16 አምፔር መሰኪያ ይገጠምለት። ሽቦው ሦስት መስመር ያለውና እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ይሁን፤ ኪስዎ ከፈቀደ 4 ካሬ ይግዙ። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይዎት። ሠላሳ ሜትር ርዝመት ያለው የ1.5 ካሬ ገመድ በ16 አምፔር ሲሠራ ገመዱ ራሱ ወደ 190 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ያው ርዝመት ያለው የ2.5 ካሬ ገመድ በ8 አምፔር ሲሠራ የሚያወጣው ግን ከ30 ዋት በታች ነው። ገመዱ ደግሞ እንደተጠቀለለ አይሰካ፤ ቢተርፍም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሣሩ ላይ ይዘርጋ፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቦታ ስለሌለው እርስ በርሱ ይቀልጣል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የምፈራው ነገር የመሬት መስመር ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተሠሩ ብዙ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ንክኪ ያለው ይመስላል፤ ከኋላው ግን ሽቦ አልተሳበም። ቻርጀርዎ ይህን ሲያገኝ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል፤ እምቢ ማለቱም ትክክል ነው። በዚህ ጊዜ «ቀላል ነው» ብሎ መሰኪያው ውስጥ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከመሬት መስመሩ ጋር የሚያገናኝልዎት ሰው ቢመጣ እባክዎ አይፍቀዱለት። ቻርጀሩ ተታልሎ ይሠራል፤ ነገር ግን የኒውትራል መስመሩ አንድ ቦታ ላይ የተበጠሰ ዕለት የመኪናዎ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ጠዋት ጤዛ የነካውን ሣር በባዶ እግራቸው ረግጠው በሩን ለመክፈት እጀታውን የሚይዙት እናትዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ማረፊያው የመሬት መስመር ከሌለው እዚያ ቻርጅ አይደረግም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የሰበታ ማረፊያ ባለቤት፣ ጥቅምት 7

እኔ በሰበታ በኩል፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን በሚወስደው አቅጣጫ ጥቂት ክፍሎችና የድንኳን ቦታ ያለው ግቢ አስተዳድራለሁ። ጉዳዩ ከእኛ ወገን ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ብነግርዎት ይጠቅምዎታል ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሌሊት ሦስት እንግዶች የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው መጡ። እንግዳ በመቀበል ደስታ ሦስቱንም «እዚያ ሰኩት፣ እዚህ ሰኩት» ብዬ አስተናገድኩ። በዚያን ጊዜ ግቢያችን በሲንግል ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሚያስገባ አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚሠራው። እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሊፈስኩ ማዕድ ከበው እንደተቀመጡ፣ የክፍሎቹ ቦይለሮችም ውኃ ለማሞቅ እንደተነሱ፣ ዋናው ብሬከር ወደቀና ግቢው በአንድ ጊዜ ጨለመ። ስናነሳው ይወድቃል፤ ስናነሳው ይወድቃል። ሦስቱም መኪኖች እያንዳንዳቸው 16 አምፔር እየሳቡ መሆኑን ያወቅነው በባትሪ መብራት ገመዶቹን ተከትለን ስንሄድ ነበር። አንደኛው መኪና በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ተለውጦ፣ መሰኪያውን ስነቅለው አንዱ እግሩ ዲቫይደሩ ውስጥ ቀረ። የእንግዶቹ ጥፋት አልነበረም፤ ያላወቅሁትን የፈቀድኩ እኔ ነበርኩ፤ ያን ሌሊት ሳስታውስ ግን አሁንም ልቤ ይደነግጣል፤ በዚያ ግድግዳ ማዶ ልጆች ተኝተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለግቢው ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) አስገባሁ፤ ለመኪና ብቻ የሚሆን የራሱ ብሬከርና ከመሬት ጋር ሲነካካ የሚያቋርጥ መከላከያ ያለው አንድ መስመር አዘረጋሁ፤ በእሱም ላይ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ አስገጠምኩ። አሁን በአንድ ሌሊት ከሁለት መኪና በላይ አላስተናግድም፤ ሁለቱም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አይሰኩም፤ ምክንያቱም ከ12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥ የሚሠራበትና መብራት የሚያበራበት ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል።

ስለ ክፍያው ያነሱት ነገር በእውነት ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ባለ ማረፊያዎች ገንዘብ የማይጠይቁት ከእንግዳ መብራት ማስከፈል ነውር መስሎ ስለሚታያቸው ነው፤ አይጎዱም ማለት ግን አይደለም። አንድ ስልክ ሌሊቱን ቢሰካ ምንም ነው። መኪና ግን በአንድ ሌሊት ከአሥር እስከ ሃያ ኪሎዋት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በቤት ታሪፍ የሚከፍል ግቢ ከሆነ ደግሞ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በየደረጃው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ የእርስዎ መኪና የሚወስደው በመጨረሻውና በውዱ ደረጃ ላይ የሚታሰበውን ነው። የካርድ ቆጣሪ ከሆነም በሌሊት ካርዱ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ገና ሲደርሱ፣ ዕቃ ሳያወርዱ፣ ባለቤቱን ወይም ኃላፊውን ፈልገው «መኪናዬ ሌሊት ይህን ያህል ይወስዳል፤ ሒሳቡን እከፍላለሁ» ይበሉ። የውስጥ ቆጣሪ ከሌላቸው ቻርጀርዎ ላይ የሚታየውን የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ሲጀምሩና ሲጨርሱ አብራችሁ ተመልከቱ። የሚከፍሉበትን ታሪፍ እነሱ ያውቁታል፤ በዚያ ላይ ትንሽ ጨምረው ቢከፍሉ የትኛውም ባለ ማረፊያ ቅር አይለውም። ምጣዱ በምን ሰዓት እንደሚሠራም አስቀድመው ይጠይቁ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ሌሊት ከሆነ ያ ሶኬት ለእርስዎ አይሆንም።

ከባሕር ማዶ የተመለሰ፣ ጥቅምት 7

ለብዙ ዓመታት አሜሪካ ስኖር ከቤተሰቤ ጋር በተጎታች ቤትና በመኖሪያ መኪና ማረፊያዎች አድር ነበር፤ በኋላም በኤሌክትሪክ መኪና ወደነዚያው ቦታዎች ሄጃለሁ። የመስመር ሠራተኛውም ሆኑ የሰበታዋ እመቤት የተናገሩት እዚያም በተግባር ያየሁት ስለሆነ ልጨምርበት።

እዚያ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ የራሱ ብሬከሮች ያሉት አጭር ምሰሶ ይቆማል። ምሰሶው ላይ ብዙውን ጊዜ 50 አምፔር፣ 30 አምፔርና 20 አምፔር የሚባሉ ሶኬቶች ይገኛሉ። ባለ 50 አምፔሩ 240 ቮልት ስለሚሰጥ ለመኪና የሚመረጠው እሱ ነው። ሆኖም ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ዕቃ ከብሬከሩ አቅም ከ80 በመቶ በላይ እንዳይስብ ሕጋቸው ስለሚያዝ፣ ከ50 አምፔሩ የሚወሰደው ቢበዛ 40 ነው፤ እሱም 9.6 ኪሎዋት ማለት ነው። ባለ 30 አምፔሩ በቁጥር ሲታይ ትልቅ ይመስላል፤ ቮልቴጁ ግን 120 ብቻ ነው። 24 አምፔር ሲወሰድበት 2.9 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። ይህም እዚህ አገር ከአንድ ጤነኛ ሶኬት በ13 አምፔር ከምናገኘው ጋር እኩል ነው። ይህን የማነሳው እኛ አገር «ማረፊያዎቻችን ምሰሶ የላቸውም» ብለን ተስፋ እንዳንቆርጥ ነው፤ 220 ቮልት በመሆኑ ተራው ሶኬታችን፣ መሬቱና ብሎኑ ደህና ከሆነ፣ ለአንድ ሌሊት በቂ ነው።

የ80 በመቶውን ልማድ ግን ወደዚህ ብናመጣው እመኛለሁ። ሶኬቱ ላይ 16 አምፔር ተጽፎ ካዩ በ13 ወይም ከዚያ በታች ይጠቀሙ። በተጨማሪም እነዚያ ማረፊያዎች ሲሠሩ ዋናው መስመር የሚሰላው ሁሉም ማቆሚያ በአንድ ጊዜ ሙሉ አቅሙን አይስብም በሚል ነው። ማቀዝቀዣ እየበራ ይጠፋል፣ ምድጃ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። መኪኖች ግን ሁሉም ማታ ተሰክተው እስከ ጠዋት ስለሚስቡ ያ ስሌት ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶቹ ማረፊያዎች ሳይጠየቁ መኪና መሰካትን ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹ ለመኪናው ለብቻው ያስከፍላሉ። የሰበታዋ እመቤት በፋሲካ ሌሊት የደረሰባቸውም ይኸው ነው።

የጎጃም በር አሽከርካሪ፣ ጥቅምት 8

በሱሉልታ መንገድ በሳምንት ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ከጀሞ እስከ ማረፊያው 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ 140፣ ወደ ቤት 50፤ በድምሩ 240 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ 43 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልግዎታል። ከቤትዎ ሞልተው ከተነሱ ምንም ሳይሰኩ ተመልሰው ይገባሉ። ትርፉ ጠባብ ስለሆነና እናትዎን ስለያዙ መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማረፊያው ላይ የሚፈልጉት ሙሉ ባትሪ አይደለም፤ መጠባበቂያ ነው። ለዚያ 8 አምፔር ከበቂ በላይ ነው። ቤትዎ ሳይሞሉ ከቀሩም ከተማውን ሳይለቁ ፈጣን ቻርጀር ላይ ይሙሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌ አካባቢ ከከፈተው ጀምሮ አሁን አማራጭ አለ።

የእንጦጦን ትከሻ እስኪወጡ የባትሪው ቁጥር በፍጥነት ሲወርድ አይደንግጡ። የወጡትን ሲመለሱ በከፊል ያገኙታል። ስለዚህም በመጨረሻው ቀን ከማረፊያው 100 በመቶ ሞልተው አይነሱ፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቁልቁለት ላይ የሚመነጨውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን አይዝልዎትም፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

የጀሞ ነዋሪ፣ ጥቅምት 8

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ገመዱን በተባለው መሠረት 2.5 ካሬ አድርጌ አሠርቻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። በሌሊት መብራት ቢጠፋና ጄኔሬተር ቢነሳ ምን ላድርግ? የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላስ በከተማ ዳርቻ ቮልቴጅ የሚወርደው ለምንድን ነው?

የመስመር ሠራተኛ፣ ጥቅምት 9

ግድቡ የሚያመነጨው ኃይል እርስዎ ሶኬት ጋ ለመድረስ ብዙ በር ያልፋል። የመጨረሻው በር የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከእሱ የሚወጣው መስመር ነው። በከተማ ዳርቻ ቤቶች በፍጥነት ስለሚሠሩ፣ ለጥቂት ቤት የተተከለ ትራንስፎርመር ብዙ ቤት ይሸከማል፤ መስመሩም እየተቀጠለ ይረዝማል። ረጅም መስመር ላይ ብዙ አምፔር ሲሄድ ቮልቴጁ በመንገድ ይቀራል፤ ጫፍ ላይ ያለው ሰው የተረፈውን ያገኛል። ማመንጫው ቢበዛ ይህ አይለወጥም፤ የሚለውጠው ተጨማሪ ትራንስፎርመርና ወፍራም መስመር ነው።

መብራት ከጠፋ ተነስተው ይንቀሉት። የማረፊያ ጄኔሬተር ለማቀዝቀዣና ለመብራት የተመጠነ ስለሆነ መኪናዎን ጨምሮ መሸከም አይችልም፤ ናፍጣ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ መኪና መሙላትም ትርጉም የለውም። መብራቱ ሲመለስም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት ጊዜ ስለሆነ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሠው መልሰው ይሰኩ። የቻርጀሩ ሳጥን መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከጎማው ላይ ወይም ከአጥር ላይ ይንጠልጠል።

የጀሞ ነዋሪ፣ ጥቅምት 28

በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከቤት 100 በመቶ ሞልቼ ተነስቼ ማረፊያው ስደርስ 81 በመቶ ነበር። ገና እንደደረስን ኃላፊውን አግኝቼ፣ እንደተመከርኩት፣ ስንት እንደሚወስድና ሒሳቡን እንደምከፍል ነገርኩት። ሰውየው መጀመሪያ «ኧረ ይሁን፣ ምን አላት» አለ፤ ቁጥሩን ስነግረው ግን ቆም ብሎ አሰበና የማረፊያውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራው። ሠራተኛው የምጣዱን ሶኬት ፈትቶ ሲያሳየኝ የመሬት ሽቦው ነበር፤ ከኋላ ያለው አንደኛው ብሎን ግን በጣት የሚዞር ነበር። ሽቦው ጫፍ ላይ አንድ ጣት ያህል ጠቁሯል። ቆርጦ፣ አዲስ ጫፍ ልጦ፣ ብሎኑን አጥብቆ መለሰው። ያንን የጠቆረ ሽቦ ባየሁ ጊዜ ሳልጠይቅ በ16 አምፔር ሰክቼ ብተኛ ምን ይፈጠር እንደነበር አሰብኩ።

የመጀመሪያውን ሌሊት እንጀራ ስለሚጋገር አልሰካሁም። በሁለተኛው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለመሞከር ያህል ስሰካው የቻርጀሩ መስታወት 178 ቮልት አሳየ፤ ወዲያው ነቀልኩት። 4 ሰዓት ላይ ተመልሼ ስሰካው 205 ሆኗል። በ8 አምፔር አስጀምሬ፣ ጋቢዬን ለብሼ ግማሽ ሰዓት ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥኩ። የጥቅምት ብርድ በዚያ ከፍታ ላይ አጥንት ይገባል። መሰኪያውን ስነካው ከአየሩ ብዙም አልተለየም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለደብረ ሊባኖስ ስንነሳ 97 በመቶ ደርሷል፤ የወሰደው 11.4 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ከገዳሙ ስንመለስ 54 በመቶ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ወጥቼ ነቀልኩትና ደግሜ አልሰካሁም። እስከዚያ የወሰደው 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጠዋት በ63 በመቶ ተነስተን በ56 ቤት ገባን።

የሁለቱን ሌሊት ቁጥር ኃላፊው ወረቀት ላይ አብሮኝ ጽፎ፣ በሚከፍሉበት ታሪፍ አስልቶ፣ እኔም ጨመር አድርጌ ከፈልኩ። ስንለያይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ለባለቤቱ አሳይቶ ለመኪና ብቻ የሚሆን አንድ መስመር ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ እንዲዘረጋ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። የመስመር ሠራተኛው ወንድሜ፣ ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዲህ ላለ ማረፊያ ከትራንስፎርመሩ ያለው ርቀት 200 ሜትር ያህል ከሆነ ስንት ካሬ ሽቦ ይመክራሉ? ለኃላፊው ላስተላልፍለት ቃል ገብቻለሁ።

የመስመር ሠራተኛ፣ ጥቅምት 28

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ፤ የእናትዎ ጸሎት ይድረሰን። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ድርሻ ስለሆነ ባለቤቱ ማመልከቻ ያስገቡ፤ የሚጨመረውን የመኪና ጭነትም በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፉ። ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ግን የራሳቸው ነው፤ 40 ሜትር የማይሞላ ከሆነ ለአንድ ባለ 32 አምፔር መስመር 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያና እዚያው አጠገብ የተቀበረ የመሬት ዘንግ ያድርጉለት። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ የድንኳን ካስማ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበር። ኃላፊው የሚጠራጠረው ነገር ካለ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።